አምቢየንት በቴሌግራም ስንለዋወጥ ድምፁ እንዳይበላሽ ምን እናድርግ? አዲስ ሥራስ ከየት እንፈልግ?

ማታ_ጣቢያ

ሰላም ለሁላችሁ። ሰባት ሆነን ኤሌክትሮኒክና አምቢየንት (ዝግ ያለ፣ ከምት ይልቅ በድባብ ላይ የቆመ) ሙዚቃ የምንለዋወጥበት ትንሽ የቴሌግራም ግሩፕ አለን። አራቱ አዲስ አበባ፣ ሁለቱ ዋሺንግተን አካባቢ፣ አንዱ ዱባይ ነው። በየሳምንቱ አንድ ሰው አንድ ሥራ ያቀርባል፤ ሌሎቻችን ሰምተን የተሰማንን እንጽፋለን።

የቸገሩን ነገሮች እነዚህ ናቸው። በስልክ ዳታ የሚያወርዱ ስላሉ ፋይሉን እናሳንሳለን፤ ስናሳንሰው ግን የሪቨርቡ (የአስተጋብኦው) ጭራ ውሃ ውስጥ የገባ ይመስላል። አንዱ ትራክ ወደ ሌላው ሳይቋረጥ የሚፈስ አልበም ስንልክ በመሀል ብጥስ የምትል ዝምታ ትገባለች። በአማርኛ የጻፍነው ስም አንዳንዱ ማጫወቻ ላይ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይወጣል። በዚያ ላይ መተግበሪያዎቹ የሚጠቁሙን ሁሉ የዝናብ ድምፅና የእንቅልፍ ሙዚቃ ብቻ ሆኗል። መነሻችን የበገና ድምፅና የኃይሉ መርጊያ የ1985 ካሴት ነው (ዓመቱ በፈረንጅ አቆጣጠር)። ከዚያ ወዴት ብንሄድ ይሻላል?

ሞገድ

ከፋይሉ ልጀምር። አምቢየንት ከሌላው ሙዚቃ ሁሉ በላይ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው።

ኤምፒ3 ፋይሉን የሚያሳንሰው ጆሮ አይሰማውም ብሎ የገመተውን በመጣል ነው። ከበሮና ቤዝ በሞላበት ዘፈን የተጣለው ነገር በሌላው ድምፅ ስለሚሸፈን አይታወቅም። አምቢየንት ውስጥ ግን ሸፋኝ የለም። ቀስ ብሎ የሚከስም ሪቨርብ፣ የቴፕ ሽውታ፣ ስስ የነፋስ ድምፅ ብቻውን ባዶ ሜዳ ላይ ይቆማል። ቢቱ (ለየሰከንዱ የሚመደበው የመረጃ መጠን) ሲያንስ ኢንኮደሩ (የሚጨምቀው ፕሮግራም) ከፍተኛዎቹን፣ ማለትም ቀጫጭኖቹን ድምፆች አንዴ ይይዛቸዋል፣ አንዴ ይለቃቸዋል፤ ያ መያዝና መልቀቅ ነው ውሃ ውስጥ የገባ የሚመስላችሁ።

የአንድ ሰዓት ስቴሪዮ ሙዚቃ ክብደት ይኸውላችሁ። ያልተጨመቀ ዌቭ፣ በ16 ቢትና በ44.1 ኪሎኸርዝ፣ 635 ሜጋባይት ያህል ነው። ኤምፒ3 በ320 ኪሎቢት 144 ሜጋባይት፣ በ192 ሲሆን 86፣ በ128 ሲሆን 58 ይመጣል። ፍላክ ምንም ሳይጥል ስለሚጨምቅ መጠኑ እንደ ሙዚቃው ይለያያል፤ ብዙውን ጊዜ የዌቩ ግማሽ አካባቢ ነው፤ ጸጥ ያለ ሥራ ደግሞ ከዚያም ይወርዳል፤ ደካማ ድምፅን ለመጻፍ ጥቂት ቢት ይበቃልና።

ስለዚህ ሁለት ፋይል ላኩ። ዋይፋይ ላለው ፍላክ፣ ዳታ ለሚቆጥር ኤኤሲ (ሌላ የመጨመቂያ ዓይነት፣ ፋይሉ ኤም4ኤ ይባላል) በ160 ኪሎቢት (ለአንድ ሰዓት 72 ሜጋባይት)። በእኩል ቢት ኤኤሲ ከኤምፒ3 የተሻለ ጭራ ይይዛል፤ ቴሌግራምም ኤም4ኤ ፋይልን በራሱ የሙዚቃ ማጫወቻ ይከፍተዋል። ሁለቱም ግን ከዋናው፣ ካልተጨመቀው ቅጂ መውጣት አለባቸው። ኤምፒ3ን ወደ ኤኤሲ መለወጥ የአንዱን ጉዳት በሌላው ላይ መደረብ ነው፤ የ128ን ፋይል ወደ 320 ማሳደግም ክብደት እንጂ ድምፅ አይጨምርም። በቴሌግራም አንድ ፋይል እስከ 2 ጊጋባይት ይፈቀዳል፤ ስለዚህ የአንድ ሰዓት ፍላክ ያለ ችግር ያልፋል። በድምፅ መልእክት ግን ሙዚቃ አትላኩ፤ ለንግግር የተሠራ ሞኖ ነው፣ የግራና የቀኙ ስፋት ያልቃል። ዳታ የሚቆጥሩትም ቅንብር ውስጥ «ዳታና ማከማቻ» ገብተው በሞባይል ኔትወርክ በራሱ እንዳያወርድ ይዝጉት።

የተላከላችሁ ፍላክ እውነተኛ መሆኑን ስፔክ በተባለው ነፃ ፕሮግራም ማየት ይቻላል፤ ድምፁ ከወፍራሙ ተነሥቶ ወደ ቀጭኑ የት ድረስ እንደሚደርስ በምስል ያወጣል። በ128 የተጨመቀ ኤምፒ3 16 ኪሎኸርዝ አካባቢ በቢላ እንደተቆረጠ ሆኖ ይታያል፣ በ320 የተጨመቀው ደግሞ 20 አካባቢ። እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው ይሳሳታል። አምቢየንት ከመጀመሪያውኑ ከፍተኛ (ቀጭን) ድምፅ ላይኖረው ይችላል። ላዩ ባዶ ስለሆነ ብቻ «ሐሰተኛ ነው» አትበሉ። ድምፁ ወደ ላይ ቀስ እያለ ከሳሳ የሙዚቃው ጠባይ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ያለ መስመር ላይ ከቆመ ተጠራጠሩ።

ቴፕ_ሰፈር

ሞገድ ባለው ላይ አንድ ማስተካከያ አለኝ። ኤኤሲ በ160 ለአብዛኛው ሥራ ይበቃል፤ በገና ላለበት ግን ከ256 በታች አልወርድም (ለአንድ ሰዓት 115 ሜጋባይት ነው)። የበገና ዝዝታ የሚመጣው በአውታሩና በበርኩማው መካከል ከሚገባው እንዚራ፣ ከትንሿ ቁራጭ ቆዳ ነው። አውታሩ ሲነካ ቆዳዋን እየመታ ይንቀጠቀጣል፤ መሠረቱ እጅግ ወፍራም ሆኖ ሳለ በላዩ ላይ እስከ ላይኛው ጥግ የሚደርስ ጥቃቅን ድምፅ ይፈጥራል። ኢንኮደር እንዲህ ያለውን ነገር ከጩኸት አይለየውም። አንድ አውታር ብቻ የሚነካበትን ቦታ ምረጡና በ96 ኪሎቢት የተጨመቀ ቅጂና ፍላኩን እያቀያየራችሁ በጆሮ ማዳመጫ ስሙ፤ በ96ቱ ላይ ዝዝታው መንዘሩን ትቶ መንቦጫረቅ ሲጀምር በግልጽ ትሰማላችሁ።

አሁን ስለ መቋረጡ። ኤምፒ3 ድምፁን 1152 ናሙና (የድምፁ ቅጽበታዊ ልኬት) በያዙ ቁራጮች ይከፋፍላል፤ በ44.1 ኪሎኸርዝ አንዱ ቁራጭ 26 ሚሊሰከንድ ነው። ትራኩ በልኩ ስለማያልቅ የመጨረሻው ቁራጭ በዝምታ ይሞላል፣ መጀመሪያው ላይም ኢንኮደሩ የራሱን ትንሽ ዝምታ ይጨምራል። የት ድረስ መቁረጥ እንዳለበት የሚያነብ ማጫወቻ ይህን ያስተካክለዋል (ፉባር2000 በኮምፒውተርም በስልክም ያደርገዋል)። ሌላው ማጫወቻ እንደዚያ ያደርጋል ብላችሁ አትተማመኑ። ፍላክ ዝምታ አይጨምርም፤ ቢሆንም ማጫወቻው ራሱ በትራኮች መካከል ከቆመ ያው መቋረጥ ይኖራል።

መፍትሔው አልበሙን አንድ ፋይል አድርጎ መላክ ነው። ኦዳሲቲ በተባለው የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም ትራኮቹን ሁሉ በቅደም ተከተል አስገቡ፤ የፕሮጀክቱ ናሙና መጠን ከፋይሎቹ ጋር አንድ መሆኑን አረጋግጡ (44.1 ከሆነ 44.1)፤ ሁሉንም ምረጡና ከትራክ ዝርዝር ውስጥ ትራኮችን ጫፍ ለጫፍ የሚያሰልፈውን ትእዛዝ ስጡ፤ ከዚያ ወደ ውጭ አውጡ። መገጣጠሚያዎቹን አጉልታችሁ ተመልከቱ፤ «ጠቅ» የሚል ድምፅ ካለ መጀመሪያውኑ ከኤምፒ3 ገጣጥማችሁ ሊሆን ይችላል። የየትራኩን መነሻ ደቂቃ ከፋይሉ ሥር በጽሑፍ አስቀምጡ።

የራሳችሁን ሥራ ከ24 ቢት ወደ 16 ስታወርዱ ዲተር (ሲወርድ የሚጨመር እጅግ ደካማ ሽውታ) አይጥፋ። ያለ እሱ ሪቨርቡ ሊያልቅ ሲል ድምፁ ይሻክራል፤ ሌላ ሙዚቃ ላይ የማይሰማው ይህ ሻካራነት እዚህ ይጋለጣል።

የድምፅ መጠን ላይም ቃል አለኝ። ከሳምንት ሳምንት ሥራው አንዱ ጸጥ ያለ፣ አንዱ የጎላ ስለሚሆን ብዙ ግሩፕ ሁሉንም ኮምፕረሰር (የጎላውንና ጸጥ ያለውን የሚያቀራርብ መሣሪያ) ውስጥ አስገብቶ እኩል ያደርገዋል። እባካችሁ እንዳታደርጉት። ጸጥታው የሙዚቃው አካል ነው። በዚያ ፋንታ ሪፕሌይጌይን ተጠቀሙ፤ ድምፁን ሳይነካ ማጫወቻው ምን ያህል ከፍ ወይም ዝቅ እንዲያደርግ በፋይሉ መለያ (ስምና መረጃ በሚጻፍበት ቦታ) ላይ ብቻ ይጽፋል። ፉባር2000 ያሰላዋል። «በአልበም» የሚለውን ምረጡ፤ «በትራክ» ካላችሁ እንዲንሾካሾክ የተሠራው ክፍል ከሚጮኸው እኩል ይሆናል።

ፊደል_ቆጣሪ

የጥያቄ ምልክቱ ጉዳይ መፍትሔው ቀላል ነው፤ መጀመሪያ ግን የምታዩት ምን እንደሆነ ለዩ።

ባዶ ሣጥን ከሆነ ፋይሉ ደኅና ነው፣ መሣሪያው የግእዝ ፊደል ፎንት ስለሌለው ነው። የመኪና ማጫወቻዎች ላይ ይበዛል፤ ፋይሉን አትንኩት። የላቲን ፊደል ዝባዝንኬ ከሆነ ጽሑፉ አለ፣ ማጫወቻው በተሳሳተ ኮድ እያነበበው ነው። የጥያቄ ምልክት ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ ስሙ ሲጻፍ ጠፍቷል፤ እንደገና መጻፍ አለበት። ምክንያቱ አሮጌው አይዲ3 (የኤምፒ3 መለያ) ስሪት 1 ነው፤ የላቲን ፊደል ብቻ ነው የሚያውቀው፣ ለስምም 30 ቦታ ብቻ አለው። አንዳንድ ማጫወቻ አዲሱን ትቶ ይህን አሮጌውን ያነባል።

ኤምፒ3ታግ በተባለው ፕሮግራም አማራጮች ውስጥ ስለ ኤምፔግ መለያ የሚለውን ክፈቱ። ስሪት 2.3ን በዩቲኤፍ-16 (የአማርኛ ፊደልንም በሚይዘው ኮድ) ይጻፍ በሉ፣ ስሪት 1ን እንዳይጽፍና ያለውንም እንዲያስወግድ አድርጉ፣ ከዚያ ስሞቹን ጽፋችሁ አስቀምጡ። ስሪት 2.4 በዩቲኤፍ-8 ጥሩ ነው፣ ግን የቆዩ መሣሪያዎች አያነቡትም። ፍላክና ኤም4ኤ ይህ ችግር የለባቸውም።

ከዚህ የሚብሰው የሞክሼ ፊደል ነገር ነው። ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሃይሉ፣ ሐይሉ ተብሎ የተጻፈ አንድ ሰው በፍለጋ አራት ሰው ሊሆን ይችላል፤ ጸሎትና ፀሎት፣ ሠርግና ሰርግም እንዲሁ። ከወር በኋላ «ያ ሥራ የት ሄደ?» የምትሉት በዚህ ነው። አንድ አጻጻፍ ተስማሙና ግሩፑ አናት ላይ ስቀሉት። ስሙን ባለሙያው ራሱ በሽፋኑ ላይ እንደጻፈው አድርጉት፤ ከሥሩ ደግሞ በሀሽታግ አንድ ቋሚ መጠሪያ ጨምሩ።

ማታ_ጣቢያ

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልን። አንድ ልጨምር፦ በግሩፕ የድምፅ ውይይት ከፍተን አብረን እናዳምጥ ስንል ሙዚቃው እየጠፋ ይመለሳል። ኔትወርኩ ነው?

ሞገድ

ኔትወርኩ ላይሆን ይችላል። የጥሪ መተግበሪያዎች ንግግርን ለመጠበቅ ሳይለወጥ የሚቆይ ድምፅን እንደ ጩኸት ቆጥረው ያጠፉታል፤ ፋን ወይም የመኪና ሞተር እንዳይሰማ የተሠራ ነው። አምቢየንት ደግሞ ሳይለወጥ የሚቆይ ድምፅ ነው። ጩኸት ማጥፊያውን መዝጋት ትንሽ ይረዳል፤ ያም ሆኖ ጥሪ ለሙዚቃ አልተሠራም።

ሁሉም ፋይሉን ቀድሞ ያውርድ። በሰዓቱ አንድ ሰው በጽሑፍ 3፣ 2፣ 1 ብሎ ይቁጠር፤ ሁሉም በየስልኩ ይጫን፤ ንግግሩ በጽሑፍ ብቻ ይሁን። የሁለት ሰከንድ ልዩነት እዚህ ሙዚቃ ላይ ማንንም አይጎዳም። ሰዓቱን ስትጽፉ ግን «3 ሰዓት» ብቻ አትበሉ፤ ዱባይና ዋሺንግተን ያለው ሰው በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ይደናገራል። አዲስ አበባ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን ዱባይ ከምሽቱ 4 ነው፤ በዋሺንግተን ደግሞ በክረምታቸው ከቀኑ 7፣ በበጋቸው ከቀኑ 8። እነሱ በማርችና በኖቬምበር ሰዓት ስለሚቀይሩ በዓመት ሁለቴ ማስታወቂያ ያስፈልጋል።

በጆሮ ማዳመጫ ስሙ። የስልክ ስፒከር ወፍራሙን ድምፅ አያወጣም፤ በገናም ሆነ ድሮን (ሳይቋረጥ የሚዘልቅ ድምፅ) ግማሹ ይጠፋል።

ዋሽንት_እና_ቮልት

«ከዚያ ወዴት» ለሚለው፣ የዘውግ ስም ትታችሁ መሣሪያውንና አሳታሚውን ተከተሉ። «አምቢየንት» ብላችሁ ስትፈልጉ የዝናብ ድምፅ የሚመጣው ቃሉ ሁሉን ስለሚያግበሰብስ ነው።

የኃይሉ መርጊያን ካሴት ውሰዱ። «ሸሞንሟናዬ» ዋሺንግተን ውስጥ የተሠራ ነው፤ አኮርዲዮኑ ከፊት፣ ከኋላው ሮድስ የኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ሙግና ያማሃ ዲኤክስ7 ሲንት (ሲንተሳይዘር)። በ2013 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) እንደገና ያወጣው ኦሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ የተባለ አሳታሚ ነው። አኮርዲዮኑን ለአንድ ጊዜ ተዉትና ከሥሩ ያለውን ብቻ ስሙ፦ ሲንቱ ሳይቸኩል ይደጋገማል፣ ዜማው ደግሞ በላዩ ላይ እንደ ጢስ ይንሳፈፋል። ከዚህ በቀጥታ ወደ ሚካኤል ሰይፉ መሄድ ይቻላል፦ «የአራዳ ልጅ» (2014) እና «ዘላለም» (2016)። ከዚያ እንደገና ሙሉ የተባለውን፣ ኢትዮጵያን ሬከርድስ በሚል ስም የሚሠራውን ሙዚቀኛ ያዙ። ከሁለቱም ሙዚቀኞች ሥራዎች ያወጣ 1432 አር የተባለ የዋሺንግተን አሳታሚ አለ። የእሱን ገጽ ከፍታችሁ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ስሙ፤ አንድን አሳታሚ ሙሉ መስማት ከመቶ ጥቆማ ይበልጣል።

ከበገና የሚነሳው መንገድ ሌላ ነው። መጀመሪያ በገናውን በደንብ ስሙት፤ የበገና ደርዳሪው የዓለሙ አጋ ቅጂ ኢትዮፒክስ በተባለው የአልበም ተከታታይ 11ኛው ላይ አለ። ቀጥሎ አሜሪካዊውን ላራጂን ያዙ፦ በ1980 እንግሊዛዊው ሙዚቀኛ ብራያን ኢኖ ያዘጋጀለት አልበም በኤሌክትሪክ ዚተር (ጠፍጣፋ የአውታር መሣሪያ) የተሠራ ነው። አንደኛው ገጽ ፈጣን፣ ሁለተኛው ዝግ ያለ ነው፤ ከበገና የመጣ ጆሮ ከሁለተኛው ቢጀምር ይሻለዋል። ከዚያ የአሜሪካዊቷ ሙዚቀኛ የፖሊን ኦሊቬሮስና የጓደኞቿ በ1988 የተቀዳ ሥራ፦ ዋሺንግተን ግዛት ውስጥ (ከተማዋ ሳትሆን በምዕራብ አሜሪካ ያለው ግዛት) ከመሬት በታች ባለ ባዶ የውሃ ማጠራቀሚያ ገብተው ተጫወቱ፤ የቦታው አስተጋብኦ 45 ሰከንድ ያህል ይቆያል። አንድ ድምፅ አውጥተው መልሱን እየጠበቁ ነው የሚጫወቱት። በገናን ለሲንት ማስጌጫ ቆርጦ ለመለጠፍ የምታስቡ ካላችሁ ደግሞ ዝግ በሉ። ለብዙ ሰው ጸሎት ነው፤ ቃሉ ያለበትን ክፍል አትቁረጡ።

ሦስተኛውን መንገድ የሚያውቀው ጥቂት ነው፣ ለእኛ ግን ቅርባችን ነው። ግብፃዊው ሐሊም ኤል-ዳብህ በ1944 ካይሮ ውስጥ የሽቦ መቅጃ ተበድሮ የዛር ሥነ ሥርዓት ላይ የሴቶችን ዝማሬ ቀዳ። ከዚያ በስቱዲዮ ውስጥ የድምፁን መሠረት እየቀነሰ፣ አስተጋብኦ እየጨመረ፣ ላይኛው ጭላንጭል ብቻ እንዲቀር አደረገ። ፈረንሳዊው ፒየር ሼፈር ፓሪስ ላይ በ1948 ከተቀዳ ድምፅ ሙዚቃ መሥራት ከጀመረበት አራት ዓመት ይቀድማል። ይኸው ሰው በ1960ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተምሯል፤ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያንም ያቋቋመው እሱ ነው። የተረፈው ቅጂ ሁለት ደቂቃ ያህል ነው፤ ለአንድ ሳምንት ውይይት ይበቃል።

ጃፓንን ለመጀመር በ2019 ላይት ኢን ዘ አቲክ የተባለ አሳታሚ ያወጣው የ1980ዎቹ ስብስብ አለ፣ «ካንክዮ ኦንጋኩ» ይባላል፤ ውስጡ ያለውን እያንዳንዱን ስም መከተል ነው።

እየሰማችሁ ብቻ አትቅሩ፣ የራሳችሁንም ተለዋወጡ። ኢኖ በ1978 ለአየር ማረፊያ ባዘጋጀው አልበም አንዱ ሥራ ላይ የተለያየ ርዝመት ያላቸው የቴፕ ቀለበቶች ተጠቅሟል፤ አንዱ ድምፅ በ23 ሰከንድ ተኩል፣ ሌላው በ26 ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው፣ ሌላው በ30 ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ይመለሳል። ያንኑ በክራር ሞክሩ። ከትዝታ ቅኝት ሦስት ድምፅ ለየብቻ ቅዱ፤ ኦዳሲቲ ውስጥ እያንዳንዱን በየትራኩ አስቀምጡና ከኋላው ዝምታ ጨምራችሁ 23.5፣ 25.9 እና 29.9 ሰከንድ አድርጉ፤ የመድገሚያውን ኢፌክት 40 ጊዜ ስጡ። ቁጥሮቹ እርስ በርስ ቶሎ የማይገጥሙ መሆናቸው አስፈላጊ ነው። 20 እና 30 ብትሉ በየደቂቃው ይገጥማሉ፣ ጆሮም ወዲያው ያውቅባቸዋል። 23.5 እና 25.9 ግን አንዴ አብረው ከጀመሩ እንደገና አብረው የሚጀምሩት ከ1 ሰዓት ከ41 ደቂቃ በኋላ ነው። ሪቨርቡን ቀለበቱን ከደገማችሁ በኋላ ጨምሩ፤ ቀድማችሁ ካደረጋችሁት ጭራው በየመገጣጠሚያው ሊቆረጥ ይችላል።

ስሙ ያልታወቀ ሥራ ስታገኙ ሻዛም ብዙ ጊዜ ዝም ይላችኋል፤ የሚያነጻጽረው ጎልተው የሚወጡ የድምፅ ነጥቦችን ስለሆነ ጸጥ ያለ ድሮን የሚያዝ ነገር የለውም። አዲስ ድምፅ የሚገባበትን ቅጽበት ጠብቃችሁ ያኔ አስሰሙት። ስፖቲፋይ ላይ ለእንቅልፍ የምትከፍቱትን የዝናብ ዝርዝር ከምርጫ መገለጫችሁ አስወጡት ወይም በግል ክፍለ ጊዜ ስሙት፤ ከዚያ በኋላ ጥቆማው ቀስ በቀስ ይጠራል።

ቴፕ_ሰፈር

ስለ ማካፈል ፈቃድ አጭር ነገር። በሽያጭ ላይ ያለ ሥራ ከሆነ ፋይሉን ሳይሆን ሊንኩን ላኩ። ባንድካምፕ በተባለው የሙዚቃ መሸጫ ድረ ገጽ ላይ ሳይገዙ መስማት ይቻላል፣ ግን የሚሰማው 128 ኪሎቢት ኤምፒ3 ነው፤ ሞገድ የነገራችሁ ውሃ ውስጥ የገባ የሚመስል ድምፅ እዚያም አለ። የገዛ ሰው ፍላክን ጨምሮ የፈለገውን ዓይነት ደጋግሞ ማውረድ ይችላል። በፋይል መለዋወጥ የምትፈልጉ ከሆነ ኢንተርኔት አርካይቭ ውስጥ የኔትሌብሎች (በኢንተርኔት የሚያሳትሙ ትናንሽ አሳታሚዎች) ክምችት አለ፤ አብዛኛው ክሪኤቲቭ ኮመንስ (ማካፈልን የሚፈቅድ የፈቃድ ዓይነት) ነው። ፈቃዱ ላይ «ኤንዲ» ካለ ሳይነካ ማካፈል ይቻላል፣ ቆራርጦና አዋህዶ ማውጣት ግን አይቻልም። «ኤንሲ» ካለ ለገንዘብ አይሆንም። የፈቃዱን ዓይነት ከስሙ ቀጥሎ በመለያው አስተያየት ቦታ ላይ ጻፉት፤ ፋይሉ ከግሩፑ ቢወጣም አብሮት ይሄዳል።